ሕዋሱን ሳይገድሉ ከውስጡ መቅዳት ይቻላል?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፣ ማስተርሴን በክረምት እየተማርኩ ነው። ጨው ሲበዛበት የተክል ሕዋስ ውስጡ እንዴት እንደሚለወጥ ማየት ፈልጌ ነበር። የማውቀው መንገድ ሁሉ ግን የሚጀምረው ሕዋሱን ፈጭቶ ነው። ከተፈጨ በኋላ ያው ሕዋስ ነገ ምን እንደሚሆን በምን አውቃለሁ? እንደ ደም ናሙና ትንሽ ቀድቼ በሕይወት ልተወው እችላለሁ? ያለኝ ማይክሮስኮፕ፣ የመስታወት ካፒላሪ (ቀጭን ቱቦ) እና ቡንሰን በርነር ብቻ ነው።

የላብ ልጅ (አዲስ አበባ)፦ ይቻላል፣ ግን መሣሪያውን እርሺው። እ.ኤ.አ. በ2022 የሎዛንና የዙሪክ ተመራማሪዎች ላይቭ-ሴክ የሚባል ዘዴ አሳተሙ። ውስጡ ክፍት በሆነ በጣም ቀጭን መርፌ ከአንድ የእንስሳ ሕዋስ 1 ፒኮሊትር ገደማ ይቀዳሉ። የሊትር አንድ ትሪሊዮንኛ ማለት ነው! ከዚያች አር ኤን ኤውን፣ ማለትም የትኞቹ ጂኖች እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየውን ሞለኪውል፣ ያነባሉ፣ ሕዋሱም ኑሮውን ይቀጥላል። እንኳን ማስተርስ፣ ፒኤችዲ ብትሠሪም እዚህ የምታገኚው አይመስለኝም።

ጠያቂ፦ ታዲያ ርዕሱን ልቀይር?

ጡረተኛው (ጣርማ በር)፦ ልጄ፣ ርዕሱን ሳይሆን ሕዋሱን ቀይሪ። ካራ የሚባል አልጌ አለ። ጠራ ያለና የረጋ ውኃ ይወዳል፣ ሲያሹት ነጭ ሽንኩርት ነገር ይሸታል። በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው አንዱ ሕዋስ ብቻ ብዙ ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 10 ማይክሮሊትር ያህል ይይዛል። አንድ አሥረኛ ማይክሮሊትር ብትወስጂ መቶኛው ብቻ ነው የጎደለበት።

ካፒላሪውን እሳት ላይ አለስልሰሽ ስትጎትቺው ጫፉ ከፀጉር ይቀጥናል። በአፍ አትሳቢ! ሕዋሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ስለሚበልጥ ስትወጊው ራሱ ይገፋልሻል። ካፒላሪውን ቶሎ አውጪው። ከዘገየሽ ከውጭ ውኃ እየገባ ናሙናውን ያቀጥንብሻል። ደግሞ የምትቀጂው በአብዛኛው የቫኩኦል፣ ማለትም ሕዋሱ መሃል ያለው ትልቅ ከረጢት፣ ፈሳሽ ነው። ለሶዲየምና ለፖታሲየም ግሩም ነው፣ ለአር ኤን ኤ ግን አይሆንሽም።

መንዜዋ፦ ጋሼ የረሱትን ልጨምር። ካራ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሳይቶፕላዝሙ፣ ማለትም ቫኩኦሉን የከበበው ሕያው ክፍል፣ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። በሕይወት መኖሩን የምታውቂውም በዚያ ነው። ስትወጊው ግን ፍሰቱ ቀጥ ይላል። እኔ መጀመሪያ ሞተ ብዬ ስንቱን ደፋሁት! ለካ ደንግጦ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ ይመለሳል። በማግስቱም እየፈሰሰ ካገኘሽው ተርፏል። የሚሞቱብሽም አይጠፉም፣ እጅሽ እስኪለምድ ታገሺ።

የላብ ልጅ፦ ይሄንን እኔም አላውቅም ነበር 😄 ጨው የማይነካቸው፣ ግን እኩል የሚወጉ ሕዋሳት ለዪ። አለበለዚያ ለውጡ የጨው ይሁን የመርፌ፣ ፈታኞችሽ ሲጠይቁሽ ምን ትያለሽ?

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። በሬሳ ወንዝ አጠገብ ውኃ የሚቋጥሩ ጉድጓዶች አውቃለሁ። በዚህ ብርድ ውኃ ውስጥ መግባቱ ነው ጭንቁ።

ጡረተኛው፦ ቦቲ አድርጊ፣ ፀሐይዋም ትውጣልሽ። የኩሬውንም ውኃ በጄሪካን ይዘሽ ተመለሺ፣ የቧንቧው ክሎሪን እንዳይጎዳብሽ።