ከጦሳ የለቀምኩት አደይ አበባ ለምን ሻገተ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ላይ የዱር አበቦችንና የሚያርፉባቸውን ነፍሳት እየመዘገብኩ ነው። አደይ አበባ ደብተር መሃል አድርጌ ብጫነው ጠቁሮ ሻገተ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ 1፦ እህቴ፣ የደብተር ወረቀት እርጥበት አይመጥም። ጋዜጣ መሃል ዘርጊው፤ አንዱን ቅጠል ጀርባው እንዲታይ ገልብጪ፤ ከላይ ድንጋይ ጫኚበት። ዋናው ጋዜጣውን መቀየር ነው፦ መጀመሪያ 4 ቀን በየቀኑ፣ ከዚያ በየ2 ቀኑ። ወፍራም ግንድ ካለው በምላጭ ለሁለት ሰንጥቂው፤ እርጥበቱ የሚቆየው እዚያ ነው። ጉንጭሽ ላይ ስታስነኪው ከቀዘቀዘ ገና አልደረቀም።

መልስ 2፦ ከአበባው ጋር የሚቀመጠውን ጽሑፍም አትርሺ። ብሪታንያ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ስላዩት ተክልና ነፍሳት የሚልኩት መዝገብ የቆመው በአራት ነገር ነው፦ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን። «ጦሳ» ብቻ አይበቃም፤ የጂፒኤስ ቁጥርና ከፍታ ጨምሪ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል የሚበቅለውም ይለያል። የአበባውን ቀለም እዚያው ጻፊ፣ ሲደርቅ ይለወጣል።

መልስ 3፦ ነፍሳቱን ጠዋት በብርዱ ፎቶ አንሺያቸው፣ ቶሎ አይበሩም። ከላይም ከጎንም ፎቶ ያስፈልጋል። ንብ የምትመስል ዝንብ እንዳታሳስትሽ ክንፍ ቁጠሪ፦ ንብ 4፣ ዝንብ 2።