የብቸኛ ሰው ሐዘን፦ ታሪክ ነው ወይስ ገበና?

አወያይ፦ ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ባለፈው እሑድ የሩሲያዊውን ደራሲ የቼኾቭን «ሐዘን» አንብበን ነበር። ላመለጣችሁ ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1886 የታተመ አጭር ልብወለድ ነው። ፒተርስበርግ ውስጥ በረዶ ይጥላል። ዮና የሚባል ሽማግሌ በፈረስ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ሰው ያመላልሳል። ልጁ በዚያው ሳምንት ሞቶበታል። ለተሳፋሪው ሁሉ ሊነግር ይሞክራል፤ የሚሰማው የለም። በመጨረሻ ጋጣ ገብቶ ለባዝራው ይነግራታል።

ንባቡ እንዳለቀ አቦል አንድ ነገር ተናገረና ግሩፑ ተተራመሰ። «ይሄ ታሪክ፣ ሽማግሌ እያስለቀሱ ለእርዳታ ከሚቀርጹት ቪዲዮ በምን ይለያል?» ነው ያለው። እስቲ እንከራከርበት። ስድብ የለም። ቮይስም አትላኩ፣ ጻፉ።

አቦል፦ ያልኩትን አልመልስም። እኛ ጋ ክብር ማለት ገበናን መሸፈን ነው። ጦሙን ያደረ ሰው ጠዋት ጥርሱን እየፋቀ ነው ከቤቱ የሚወጣው፤ በልቷል እንዲባል። ደራሲ ይመጣና በሩን ይከፍተዋል። «ይኸው፣ ድስቱ ባዶ ነው» ይለናል። እኛ እናለቅሳለን፣ ለደራሲው ይጨበጨብለታል። ባለቤቱስ?

ቲቸር፦ አቦል፣ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ነገ ሱቅ ሲሄድ ይታወቃል። ዮና ሱቅ አይሄድም፤ የተፈጠረ ሰው ነው። ደግሞ ቪዲዮው ላይ «አልቅሱ» የሚል ክላሲካል ከጀርባ ይለቁበታል። ቼኾቭ ሐኪም ነበር፤ ቁስል አይቶ አይጮህም። ሦስት ጎረምሶች በ20 ኮፔክ፣ በሩሲያ ሳንቲም፣ ይሳፈራሉ። ዋጋው አይበቃም። ዮና ግን ሰው ማግኘቱን ነው የፈለገው። ይሰድቡታል፣ ማጅራቱን ይሉታል። ልጄ ሞተብኝ ሲላቸው አንዱ «ሁላችንም እንሞታለን» ይለዋል። ደራሲው እዚህ ጋ «አቤት ጭካኔ!» አላለም። ዝም ብሎ ቀጠለ።

ሲስተር፦ እኔን የያዘኝ ሌላ ቦታ ነው። ዮና የሚፈልገው በሥርዓት መናገር ነው። ልጁ እንዴት እንደታመመ፣ እንዴት እንደተሠቃየ፣ ከመሞቱ በፊት ምን እንዳለ፣ ቀብሩ እንዴት እንደነበር፣ የሟቹን ልብስ ሊያመጣ ሆስፒታል እንደሄደ። በተራ በተራ። ይሄ እኮ ለቅሶ ቤት የምናደርገው ነው! ድንኳን ውስጥ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር እናት ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ማንም «ሰምተናል» አይላትም።

ዎርድ ውስጥ ስሠራ የማየው ነገር አለ። የሟች ልብስ በፌስታል ሲሰጣቸው ሰዎች ቶሎ አይሄዱም። ይቆማሉ። አንድ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» እንዲላቸው ይጠብቃሉ መሰለኝ። እኛ ደግሞ ሌላ በሽተኛ ይጠራናል። አንዳንድ ቀን እኔም ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ነኝ።

የጋሪው ልጅ፦ ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለፈው «ለፈረስ እስከማውራት ወረደ» ብለዋል። እሱ አልተዋጠልኝም። አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር። ፈረስ ያለው ሰው ከፈረሱ ጋር ያወራል፤ ሳይከፋውም ያወራል። ጠዋት ሲጠምደው ያወራዋል፣ ዳገት ላይ ይለምነዋል፣ ማታ ሲፈታው ይመርቀዋል።

ዮና ጋጣ ሲገባ መጀመሪያ ምን እንዳላት አስተውላችኋል? ለአጃ የሚሆን ካልሠራን እንግዲህ ድርቆሽ እንበላለን ነው ያላት። «እንበላለን»! ራሱን ጨምሮ። ሳቅኩም፣ እንባዬም መጣ። ከዚያ እኔ አርጅቻለሁ፣ መንዳት የነበረበት ልጄ ነው ይላታል። ከዚያ ደግሞ ውርንጭላ ቢኖርሽና ቢሞትብሽ አታዝኚም ወይ ብሎ በሚገባት መንገድ ያስረዳታል። ይሄ የቱ ጋ ነው ውርደቱ? ውርደቱ ያለው ተሳፋሪዎቹ ጋ ነው።

ቲቸር፦ ተቀብያለሁ። ቃሌን አንሥቻለሁ።

አቦል፦ አምሮ ተነገረ። ጥያቄዬን ግን ሸሻችሁት። «የተፈጠረ ሰው ነው» ተባለ። ደራሲ ሰው ከየት ነው የሚያመጣው?

ልንገራችሁ እንግዲህ። አክስቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። የሠፈራችን ልጅ አጭር ልብወለድ ጻፈባት። ስሟን ቀየረው። ነጠላዋን፣ አረማመዷን፣ ማታ ማታ ለሟች ባሏ ስኒ ደርባ ቡና መቅዳቷን ግን አልቀየረውም። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። በሳምንቱ ሠፈሩ በሙሉ አወቃት። ቡና ጠርተዋት «ስንት ስኒ እናቅርብ?» ብሎ የቀለደ አለ። አሁን የዕድር ስብሰባ እንኳ አትመጣም። ልጁ እስከ ዛሬ «ክብር ሰጠኋት» ይላል።

ሲስተር፦ ኧረ አቦል! ጥፋቱ የቀለደው ሰውዬ አይደለም ወይ?

አቦል፦ የሁለቱም።

ቲቸር፦ ለእሱ መልስ የለኝም። ሌላ ነገር ግን ላምጣ። አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1933 ያሳተማት «ንጹሕና ብርሃን የሞላበት ቦታ» የምትባል በጣም አጭር ታሪክ አለች። መሽቷል። አንድ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ካፌ ቁጭ ብሎ ብራንዲ ይጠጣል። ባለፈው ሳምንት ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ተርፏል። ወጣቱ አስተናጋጅ መኝታው ናፍቆታል። እንደማይሰማው ስለሚያውቅ ፊት ለፊቱ ቆሞ ያን ጊዜ ብትሞት ይሻልህ ነበር ይለዋል። ወጣቱ ሽማግሌ ሁሉ ቆሻሻ ነው ሲል፣ ትልቁ አስተናጋጅ ይሄኛውስ ንጹሕ ነው፣ ሰክሮ እንኳ ሳያፈስ ነው የሚጠጣው፣ እየው ይላል። ሽማግሌው ሒሳቡን ከፍሎ፣ ጉርሻ ትቶ ይወጣል። እየተንገዳገደ፣ ግን በክብር።

ለምን ሊሞት እንደፈለገ ደራሲው አልነገረንም። ተስፋ ቆርጦ ነው ይባላል፤ በምን ሲባል፣ በምንም ይባላል። አለቀ። አቦል ያነሣው ድስት እዚህ ክዳኑ አልተከፈተም። የብርጭቆ አያያዙን ብቻ ነው ያየነው።

አቦል፦ እሺ፣ ይቺን ወደድኳት። ግን ስንቱ ደራሲ እንዲህ ይችላል?

ኩዌት ነኝ፦ ማታ ነው ስልክ የምይዘው፣ ዘገየሁ። የወንድሜን መርዶ የሰማሁት በኢሞ ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አገር ቤት ቢሆን ጎሕ ሳይቀድ ዘመድ ተሰብስቦ መጥቶ፣ ይዘውኝ ነበር የሚነግሩኝ። ማዳም ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው አልኳት።

ከዚያ ሦስት ቀን ያወራሁት ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጋር ነው። ሲዞር ድምፄ ስለማይሰማ። ስለዚህ አቦል፣ ዮናን ሳነብ ገበናዬ ወጣ አላልኩም። ይሄ ሰውዬ ስሜን ሳይጠራ ያውቀኛል አልኩ። የአክስትህ ግን ይለያል። የእኔን የማሽን ወሬ እዚህ ቤት ያሉት ሰዎች ቢያነቡት እኔም ከኩሽና አልወጣም ነበር።

ሲስተር፦ አይዞሽ እህቴ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጁ ከማሳተሙ በፊት ለአቦል አክስት ቢያሳያትስ ኖሮ?

አቦል፦ ማንበብ አትችልም።

ሲስተር፦ ታዲያ ያንብብላታ።

አቦል፦ ማን ባለበት?

አወያይ፦ አንድ ሰዓት ቀርቶናል። ሌላ ሐሳብ ያለው?

የጋሪው ልጅ፦ ከርዕስ ልውጣ ይቅርታ። ኩዌት ነኝ፣ ነፍስ ይማር። ወንድምሽ ምን ሆኖ ነው?

ኩዌት ነኝ፦ ኢንቦክስ ልምጣ?