«ዲሽ የጡረተኛ ዕቃ ነው» ላለው ሰውዬ

አጂፕ፦
ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንድ የቴክኖሎጂ ተንታኝ ነኝ ባይ ሰማሁ። ስሙን አልያዝኩትም። «ዲሽ ከእንግዲህ የጡረተኛ ዕቃ ነው፤ ዘመናዊ ሰው ዲሹን አውርዶ በኢንተርኔት ነው የሚያየው» አለ። አቅራቢው ደግሞ ይስቅለታል። እኔ ጡረተኛ አይደለሁም። ዲኤስቲቪ አለኝ፣ በየወሩ እከፍላለሁ። ሰውዬው ጅማን በዓይኑ አይቶ ያውቃል? ቅዳሜ ማታ ኔቱ ምን እንደሚሆን ያውቃል? እስቲ ዲሹን ጥሎ በስትሪሚንግ ብቻ የሚኖር ሰው እዚህ ግሩፕ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ።

የቆጪ ልጅ፦
ይኸው አወጣሁ። ሰውዬው ምን አጠፋ? ዓመቱን ሙሉ የምትከፍለው ለቅዳሜና ለእሁድ ኳስ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዲኮደሩ አቧራ ይጠጣል። ኔትፍሊክስ ግን የፈለግከውን በፈለግከው ሰዓት ታያለህ። ወር ከፍለህ፣ ያማረህን አይተህ፣ ትዘጋዋለህ። ሲያሰኝህ ትመለሳለህ። ውል የለ፣ ቴክኒሻን የለ፣ ጣሪያ መውጣት የለ።

አጂፕ፦
ኔትፍሊክስ ላይ ፕሪሚየር ሊግ አለ?

የቆጪ ልጅ፦
ቲቪ ማለት ኳስ ብቻ ነው እንዴ?

አጂፕ፦
አለ ወይስ የለም?

የቆጪ ልጅ፦
የለም። ደስ አለህ?

አጂፕ፦
በጣም።

መምህር ዘጅረን፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጡረተኛ ነኝ። ለስድብ መጠቀሚያ መሆናችንን ከዚህ ግሩፕ ነው የሰማሁት። ለማንኛውም ዲኤስቲቪ የለኝም። ልጄ በገዛችልኝ ስልክ ዩቲዩብ ነው የማየው። ባለ ዲሹ አቶ አጂፕ ደግሞ ገና ጎልማሳ ነው። እንግዲህ ተንታኙ ዕቃውንም ባለቤቱንም ስቷል ማለት ነው።

የቆጪ ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎን ለማለት አይደለም። አነጋገር ነው።

መምህር ዘጅረን፦
የማን አነጋገር? እኔ በጡረታ የወጣሁት ከማስተማር ነው፤ ከማየት አይደለም።

ከሚኒሶታ፦
ሃሃ ጋሼ ይመቾት። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይሄ «ዲሹን ጣልና በኢንተርኔት እይ» የሚባለው ወሬ ከዚህ ከአሜሪካ የተቀዳ ነው። እዚህ ቤት ድረስ ኬብል ይገባል፤ ወርሃዊ ሂሳቡ አናት የሚያዞር ነበር። ሰው ተማረረና ቆረጠው። እኔም ቆረጥኩ። ከዚያስ? ኔትፍሊክስ ለብቻ፣ ዲዝኒ ለብቻ፣ ኳሱ ፒኮክ ላይ ለብቻ። የቲቪ ቻናሎችን በኢንተርኔት በክፍያ የሚያሳየው ዩቲዩብ ቲቪ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀምር በወር 35 ዶላር ነበር። በ2025 መጀመሪያ 82.99 ገባ። ኬብሉ ስሙን ቀይሮ ተመለሰ በሉት። የማላየውን ካልዘጋሁ ኬብል ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ አሁን አንዱን እከፍታለሁ፣ ሌላውን እዘጋለሁ። የሚታደሰው በራሱ ነው፤ ቀኑን ከረሳህ ካርድህን ይልሰዋል።

የቆጪ ልጅ፦
አየህ! «አንዱን እከፍታለሁ፣ ሌላውን እዘጋለሁ» ነው ያለው። እኔ ያልኩት ይሄንኑ ነው።

አጂፕ፦
እሱ የሚከፍለው በደሞዙ ነው፣ በዶላር። አንተ በምን ትከፍላለህ? ዲኤስቲቪን በቴሌብር ቁጭ ብዬ እከፍላለሁ። ኔትፍሊክስን በቴሌብር ከፍለህ አሳየኝ።

የቆጪ ልጅ፦
መንገድ አይጠፋም።

አጂፕ፦
የትኛው መንገድ? ንገረንና እኛም እንሂድበት።

ሲስተር፦
እኔ የሄድኩበትን መንገድ ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ «ስክሪን» ማለትም የኔትፍሊክስ አካውንት ድርሻ ከሚሸጥ ልጅ ገዛሁ። የሦስት ወር ከፈልኩ። ለልጆቹ ብዬ ነበር፤ የልጆች ፕሮፋይል ከፈትኩላቸው፣ ደስ አላቸው። አንድ ቀን ቲቪው ላይ «ይህ ቴሌቪዥን የአካውንቱ ቤተሰብ አይደለም» የሚል ነገር መጣ። ለሻጩ ጻፍኩለት፣ ብሎክ አደረገኝ። ገንዘቤን እንዴት ነው የማስመልሰው? የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ።

ኪቶ ግቢ፦
ሲስተር፣ ኔትፍሊክስ ይሄን ያጠበቀው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ነው። አንድ አካውንት ለአንድ ቤት ነው። ቲቪው ከየትኛው ኢንተርኔት እንደተገናኘ ያያል። ትልቁ ፓኬጅ በአንድ ጊዜ አራት ቦታ ያስከፍታል፣ አዎ፤ ግን አራቱም የአንድ ቤት ሰዎች ይሁኑ ነው የሚለው። ሻጮቹ አንዱን አካውንት ለማይተዋወቅ ሰው ሁሉ ይቸበችቡታል። ስልክ ላይ ትንሽ ይቆይ ይሆናል። ቲቪ ላይ ቶሎ ይያዛል።

አጂፕ፦
የቆጪ ልጅ፣ ያንተስ «ቤተሰብ» የት ነው ያለው?

የቆጪ ልጅ፦
የግል ጉዳይ ነው።

አጂፕ፦
«ወር ከፍለህ ትዘጋዋለህ» ያልከው አንተ ነህ። ከፋዩ ማን ነው?

የቆጪ ልጅ፦
እህቴ ናት። ዲሲ ነው ያለችው። በእሷ አካውንት ነው የማየው። እና?

አጂፕ፦
እናማ «ወር ከፍላ ትዘጋዋለች» በል! እኔን ገንዘብህን ታቃጥላለህ እያልክ፣ አንተ የምታየው በእህትህ ደሞዝ ነው። እኔም እህቴ ብትከፍልልኝ ዘመናዊ እሆን ነበር።

ባለ ካፌው፦
😂😂😂 ዘመናዊነት ከዲሲ በሃዋላ።

የቆጪ ልጅ፦
ሳቁ። ዋጋ ግን አታወዳድሩም።

አጂፕ፦
እናወዳድር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይተመን ተባለ። ከዚያ በፊት ባንክ ዶላሩ ወደ 57 ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የኔትፍሊክስ ዋጋ በዶላር አልተነካም፤ በኛ ኪስ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይሄን ተንታኙ አላነሳውም። አንተም አላነሳኸውም፤ ምክንያቱም እህትህ ናት የምትከፍለው።

የቆጪ ልጅ፦
ዲኤስቲቪስ ዋጋ ጨምሮ አያውቅም? ጎጆ የሚባለው ፓኬጅ ላይ የፈለግከው ጨዋታ የለም ሲልህ ወደ ሜዳ ፓኬጅ ውጣ ይልሃል። ሜዳ ላይ ያ ጨዋታ የለም ሲልህ ደግሞ ከፍ በል ይልሃል። አንተም ትወጣለህ። ደረጃ መውጣት ለምደሃል።

አጂፕ፦
እወጣለሁ፤ በራሴ እግር።

ኪቶ ግቢ፦
እኔ በኔትና በዝናብ በኩል ልግባ። ሁለታችሁም ጅማ እንደምትኖሩ ረስታችኋል። እዚህ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይዘንባል። የዲኤስቲቪ ሲግናል የሚመጣው ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ባለው ባንድ ነው፤ ወፍራም ዝናብ ይውጠዋል። ሲግናል ሲጠፋ የሚመጣውን «ኢ48-32» የሚል ጽሑፍ የማያውቅ ባለ ዲሽ የለም። የሞባይል ኔትወርክ ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ ስለሚሠራ ዝናብ ያን ያህል አይነካውም። ስለዚህ በክረምት ስትሪሚንግ ይሻላል ማለት ይቻላል።

ዲሽ ሰሪው፦
ተማሪው በወረቀት ልክ ነህ። ጣሪያ ላይ ግን ሌላ ነው። ወፍራም ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል፣ ሲያባራ ይመለሳል። በካፊያ የሚጠፋብህ ከሆነ ጥፋቱ የዝናቡ አይደለም። ዲሹ ትንሽ ዞሯል፣ ወይ ኮኔክተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ ወይ ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል መቀበያ፣ ኤልኤንቢው፣ አርጅቷል። ሰው ለዲኮደሩ ይከፍላል፣ ለገመዱ ግን የተቀጣጠለ ይለኛል። ከዚያ ሰማዩን ይረግማል። ደግሞ ኔቱ የሚቆራረጠው ሰማይ ጠርቶም ነው። እሱን የት ወጥቼ ላስተካክልልህ?

አጂፕ፦
ተባረክ!

ዲሽ ሰሪው፦
አልጨረስኩም። አጂፕ፣ አንተም ተሳስተሃል። «ዲሽ» ስትሉ ሁላችሁም ዲኤስቲቪ ብቻ ነው የሚታያችሁ። ወደ ኢትዮሳት የዞረውስ? ኤንኤስኤስ 12 የሚባለው ሳተላይት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ኢቢኤስ ብትሉ ቃና ብትሉ በነጻ ነው። ወርሃዊ የሚባል የለበትም። እሱንም አውርዱ ሊል ነው ተንታኙ? ሳንቲም የማይከፈልበትን ዕቃ አውርደህ ዳታ ግዛ የሚል ምክር አሁን ገና ሰማሁ።

መምህር ዘጅረን፦
ይህ ነው ቁም ነገሩ። ጎረቤቴ ዜናውንም ድራማውንም በዚያው ነው የምታየው። «ዘመናዊ ሁኚ» ቢሏት ምን ልትከፍል ነው?

የቆጪ ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ በዩቲዩብ አይደል የሚያዩት?

መምህር ዘጅረን፦
አዎ። ልጄ ፓኬጅ ትሞላልኛለች። እኔ ግን ጎረቤቴን የጡረተኛ ዕቃ አላት አላልኩም።

ኪቶ ግቢ፦
ስለ ዳታ ከተነሳ፣ ኔትፍሊክስ ራሱ የሚናገረው ይሄን ነው። በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋ፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋ፣ በ4ኬ እስከ 7 ጊጋ። የሁለት ሰዓት ፊልም በኤችዲ 6 ጊጋ በላ ማለት ነው። በሞባይል ፓኬጅ ቲቪ አያለሁ የሚል ሰው ይሄን ይደምርና ይምጣ። ያልተገደበ የቤት ኢንተርኔት ከሌለህ ርካሽ የሚባለው ነገር ውሸት ነው። ካለህ ግን ለሌላም ሥራ ስለምትጠቀምበት ሂሳቡን ሁሉ በቲቪ ላይ መጫን ልክ አይመጣም። ወይም ፊልሙን ስልክህ ላይ አውርደህ ታያለህ። እኛ ዋይፋይ ባለበት አውርደን ነው ዶርም የምናየው።

አጂፕ፦
ኳስ አውርደህ ታያለህ? ነገ?

ኪቶ ግቢ፦
ኳስ አላልኩም።

ስማርት አይፒቲቪ፦
ለምን ትጨነቃላችሁ??? ሁሉም ቻናል፣ ሁሉም ሊግ፣ ሁሉም ፊልም በአንድ ክፍያ። ዓመታዊ። ኢንቦክስ 🔥🔥

ዲሽ ሰሪው፦
መጡ።

ከሚኒሶታ፦
አትግዙ። የተሰረቀ ነው። ትልቅ ጨዋታ ሲኖር ይዘጋባችኋል፤ ያኔ ማንን ልትጠይቁ?

መምህር ዘጅረን፦
የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዘመኑ። የብሮድካስት ድርጅት ሥርጭትም በዚያ ውስጥ አለ። ሻጩ አያነበውም እንጂ።

የቆጪ ልጅ፦
ጋሼ፣ አዋጁን ካነሱ ካፌዎቹንም ያንሱ። በቤት ፓኬጅ ሕዝብ ሰብስቦ የሚያሳይና መግቢያ የሚቀበል የለም? ለንግድ ቤት ሌላ ፓኬጅ አለው።

ባለ ካፌው፦
እኔን ነው?

የቆጪ ልጅ፦
ስም ጠራሁ?

ባለ ካፌው፦
ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካፌ ያለኝ እኔ ነኝ፣ ግሩፑ ያውቀኛል። የንግድ ነው የምከፍለው። ደረሰኙ አለ። መጥተህ እይ። ስትመጣ ደግሞ ያለፈውን የሁለት ማኪያቶ ይዘህ ና።

አጂፕ፦
🤣🤣 ቆይ፣ አንተ ካፌ ሄደህ ኳስ ታያለህ እንዴ? «ዲሼን ትቼዋለሁ፣ እርግብ ሰፍሮበታል» ብለህ?

የቆጪ ልጅ፦
እርግብ አላልኩም።

አጂፕ፦
ባለፈው ሳምንት ብለሃል፤ ላምጣው?

ሲስተር፦
የኔን ጥያቄ የመለሰ የለም።

ኪቶ ግቢ፦
ሲስተር፣ እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ አይመለስም። ከእንግዲህ ወር በወር እንጂ የሦስት ወር አትክፈዪ። የይለፍ ቃሉ በእጅሽ ያልሆነ አካውንት ያንቺ አይደለም። የልጆቹ ፕሮፋይልም አብሮ የሄደው ለዚህ ነው።

አጂፕ፦
ወደ ነገሬ ልመለስ። የከተማችን ቡድን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 የሊጉን ዋንጫ ሲበላ እኔ የተከታተልኩት በሬዲዮና በወሬ ነበር። በ2013 ግን የሊጉ ጨዋታዎች ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም በዲኤስቲቪው ሱፐርስፖርት ተላለፉ። አፍሪካ ሁሉ የኛን ሜዳ አየ። ያንን ያሳየን ማን ነው? ኔትፍሊክስ ነው? ለዚህ ብቻ ስል እከፍላለሁ።

የቆጪ ልጅ፦
ቡድኑ በ2014 ወረደ። አንተ ግን እስከ ዛሬ ለትዝታ ትከፍላለህ።

አጂፕ፦
አሁን ነካኸኝ።

ዲሽ ሰሪው፦
የቆጪ ልጅ፣ ይሄ አይባልም። ቡድኑን ተወው።

የቆጪ ልጅ፦
ምን አልኩ? ወርዷል አልወረደም?

መምህር ዘጅረን፦
ወርዷል። እውነት ሁሉ በሁሉም ቦታ አይነገርም። ደግሞ የዲኤስቲቪ ባለቤትም ተቀይሯል፤ ኩባንያውን መልቲቾይስን እ.ኤ.አ. በ2025 የፈረንሳዩ ካናል ፕላስ ጠቅልሎታል። አቶ አጂፕ የሚከፍለው ለፓሪስ ነው፣ የቆጪው ልጅ እህት ለካሊፎርኒያ። እናንተ ጅማ ላይ ትጣላላችሁ።

አድሚን፦
የአይፒቲቪው ሰው ወጥቷል። ቡድን ላይ መነካካት ይቁም። ርዕሱ ቲቪ ነው።

አጂፕ፦
እሺ፣ ቲቪ። የመጨረሻ ጥያቄ ለዘመናዊው። በኔት የሚመጣ ቀጥታ ሥርጭት ከሳተላይቱ ይዘገያል፤ አንዳንዴ ግማሽ ደቂቃ። እኔ «ጎል!» ብዬ ስጮህ አንተ ገና ኳሷን መሃል ሜዳ ላይ እያየሃት ነው። ይሄን እንዴት ትችለዋለህ?

የቆጪ ልጅ፦
አንተ በየደቂቃው ስለምትጮህ የትኛው ጎል እንደሆነ አይለይም።

ከሚኒሶታ፦
😂 እዚህም ያው ነው። ስልኬን አጥፍቼ ነው የማየው፤ ያገሬ ልጆች በቴሌግራም ቀድመው ይነግሩኛል።

የቆጪ ልጅ፦
ለማንኛውም አቋሜ አልተቀየረም። ዲኮደር መሸጥ የሚፈልግ ካለ ግን… ለጓደኛዬ ነው።

ዲሽ ሰሪው፦
ለጓደኛህ 😏 ዲሹስ አለው?

የቆጪ ልጅ፦
ጣሪያ ላይ አንድ አሮጌ አለ። ማስተካከያ ስንት ትላለህ?

ዲሽ ሰሪው፦
ጣሪያው ቆጪ ሰፈር ከሆነ እንነጋገራለን። ገመድ ግን አዲስ ትገዛለህ።

የቆጪ ልጅ፦
የድሮው ገመድ ምን ሆነ? ደህና ነው።

ዲሽ ሰሪው፦
ጀመረ።

ባለ ካፌው፦
እሱ እስኪስተካከል እሁድ እኔ ጋ ኑ። መግቢያው ያው ነው። ለቆጪው ልጅ ግን መጀመሪያ ማኪያቶው።