እህቴ በአፏ የሰጠችኝን አደራ በወረቀት እንዴት ላጽናው?

የሁለት ልጆች አክስት (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጽፈው ከጅማ ነው፤ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። ታላቅ እህቴ በጥር ወር አረፈች። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች፣ 14 ዓመት አስተምራለች። ባሏ ከአራት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ ሞቷል፤ የሰው መኪና ይነዳ ስለነበር ጡረታ የሚባል ነገር አልተወም። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ሴቷ 11 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ስድስት ሊሞላው ነው። አሁን ከእኔና ከእናቴ ጋር ይኖራሉ።

እህቴ ከማረፏ ከሦስት ቀን በፊት ሆስፒታል ውስጥ እጄን ይዛ «እኔ እንግዲህ መሄዴ ነው። ልጆቼን አንቺ አሳድጊልኝ፣ ለማንም አትስጪብኝ፣ አትለያዩአቸው» አለችኝ። ጎረቤታችን አጥሚት ይዛላት መጥታ እግርጌዋ ተቀምጣ ነበር። የሥራ ባልደረባዋም ከክፍል በቀጥታ መጥታ፣ የጠመኔው ዱቄት ከእጇ ሳይለቅ፣ አጠገቤ ቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ እህቴ ብዙም አልተናገረችም።

አርባዋ እንደወጣ የአባታቸው ወንድም ከአጋሮ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በወንድሙም በእህቴም ቀብር እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። አሁን ግን «ወንዱን እኔ ልውሰደው፣ የቤቱንም ኪራይ እኔ ልሰብስብ» ይላል። ቤቱ ቦሳ ቂጦ ያለ ነው፤ ካርታው በአባታቸው ስም ነው፣ ሁለቱን ሰርቪስ ክፍሎች ተማሪዎች ተከራይተውታል። ልጁ ሌሊት ሲባንን የሚጠራው እህቱን ነው፤ እኔን እንኳ አይደለም። እንዴት አድርጌ ልለያያቸው?

የእህቴን ጡረታ ለልጆቹ ለማስከበር አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። «በማህደሯ የተመዘገበችው ሴቷ ብቻ ናት፣ ወንዱ የለም፤ ደግሞም መጀመሪያ የሞግዚትነት ውሳኔ አምጪ» ብለው መለሱኝ። እህቴ ቅጹን የሞላችው እሱ ሳይወለድ ይሆናል። የልደት የምስክር ወረቀት የለውም፣ የክትባት ካርዱም ከቤት ጠፍቶብናል። እድሩ የሰጠን ገንዘብ በአርባዋ አለቀ። እኔ የምከፈለው በሰፋሁት ልክ ነው፤ የዩኒፎርም ወቅት ካልሆነ ደግሞ ሥራው ቀዝቃዛ ነው። ከየት ልጀምር? የአባት ወገን ከአክስት ይቀድማል የሚሉኝስ እውነት ነው?

ጡረተኛው ሬጅስትራር

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ብዙ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሕጉ ሁለት ሥራ ለይቶ ያስቀምጣል። አሳዳሪ የሚባለው የልጁን ኑሮ፣ ጤናና ትምህርት የሚመራው ነው። ሞግዚት የሚባለው ደግሞ ንብረቱንና ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም መያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ማመልከቻሽ «አሳዳሪና ሞግዚት ሆኜ እንድሾም» ይበል። አንዱን ብቻ ጽፈው ውሳኔ ከወሰዱ በኋላ ለሌላው እንደገና የተመላለሱ ሰዎች አይቻለሁ።

አሁን ካነበብኩት ሁሉ ልቤን ወደያዘው ነገር ልምጣ። ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ ብለሻል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን ያውቃል፤ ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ኑዛዜ ቤት ማውረስ አይቻልም። ከተፈቀዱት ጥቂት ነገሮች አንዱ ግን ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳሪ ወይም ሞግዚት መሰየም ነው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ኑዛዜው ይፈርሳል፤ እህትሽ ግን በሦስተኛው ቀን ነው ያረፈችው። አንቺ አደራ ያልሽው ነገር በሕግም ስም አለው ማለት ነው። ሁለቱን ሴቶች ዛሬውኑ አነጋግሪ። የሰሙትን እንደሰሙት ይናገሩ፤ ቃል አትስጫቸው፣ አታስጠኛቸው።

ፍርድ ቤቱ ኑዛዜውን ባይቀበለው እንኳ ተራው የአባት ወገን አይደለም። በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ መጀመሪያ አያቶች፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያ አጎትና አክስት ይመጣሉ። አጎትየውና አንቺ እኩል ናችሁ፣ እናትሽ ደግሞ ሁለታችሁንም ትቀድማለች። ስለዚህ እናትሽ ችሎት ቀርበው «እኔ አቅም የለኝም፣ ልጄ ታሳድጋቸው» ቢሉ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ የ1992ቱ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። እኛ ዘንድ ክልሉ በ1995 ያወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለ። ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፣ የሚጠቅሰውም የክልሉን ሕግ ይሁን።

ኪራዩን በተመለከተ፣ ገንዘቡ የአንቺም የአጎታቸውም አይደለም፣ የልጆቹ ነው። ሞግዚት ሰብስቦ ለእነሱ ያውለዋል። ቤቱን መሸጥ ግን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ማንም አይችልም፤ ይህን ለአጎታቸውም በደንብ አስረጂው። ዳኛው ልጅቷን ማነጋገር ቢፈልግ አትደንግጪ።

የሦስት የልጅ ልጆች አያት (ሰቃ)

የኔ ልጅ፣ እኔም ልጄን ቀብሬ ልጆቹን ያሳደግሁ ነኝ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ስለ ጡረታው የደረሰብኝን ልንገርሽ።

የሟች ልጅ እስከ 18 ዓመቱ የሚከፈለው የወላጁን ጡረታ 20 በመቶ ነው። እናትም አባትም ከሞቱ ግን 30 በመቶ ይሆናል። የአንቺዎቹ ሁለቱንም ስላጡ ለእያንዳንዳቸው 30፣ በድምሩ 60 በመቶ ማለት ነው። የደመወዟ ሳይሆን የጡረታዋ መሆኑን ግን አስቢ፣ እኔ ይህን ሳልለይ ብዙ ጠብቄ አዝኛለሁ። እህትሽ ከ10 ዓመት በላይ ስላገለገለች መብቱ አለ። እናታችሁም በእህትሽ ደመወዝ ይኖሩ ከነበረ ለወላጅ የሚከፈል 15 በመቶ አለና አብራችሁ ጠይቁ። እኛ ዘንድ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም።

ትንሹ ከማህደሩ ስለቀረ መብቱ አይጠፋም፣ ልጅነቱ ግን በወረቀት መረጋገጥ አለበት። ልደት መመዝገብ ያለበት በ90 ቀን ውስጥ ነበር፤ ቢዘገይም ይመዘገባል። እኔ የልደት ወረቀት ሳልይዝ ፍርድ ቤት ሄጄ «አሟልተሽ ነይ» ተብዬ አምስት ወር አባክኛለሁ። አንቺ መጀመሪያ የእሱን ልደትና የእህትሽን ሞት ወሳኝ ኩነት ቢሮ አስመዝግቢ። የአባትየውም የሞት ወረቀት ያስፈልግሻል፤ ያለዚያ ሁለቱንም ወላጅ ማጣታቸውን በምን ታሳያለሽ?

በዚህ መሃል ቀበሌ ሄደሽ የጤና መድህን ጠይቂ። መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መንግሥት የሚከፍልበት መንገድ አለ።

አጎቱ ያሳደገው

እህቴ፣ ጠበቃ መቅጠር ካልቻልሽ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ማመልከቻ ይጽፉልሻል።

እኔን ያሳደገኝ የአባቴ ወንድም ነው። 18 ዓመት የሞላኝ ቀን አንድ ሰማያዊ ደብተር ሰጠኝ። ከአባቴ ጡረታ የተቀበለው እያንዳንዱ ብር፣ ቀኑና የዋለበት ነገር ተጽፎበታል፦ «ለጫማ»፣ «ለኩፍኝ መርፌ»፣ «ለስምንተኛ ክፍል ፎቶ»። ደብተሩ ዛሬም እኔ ጋ አለ። አንቺም ከመጀመሪያዋ ወር ጀምሪና ጻፊ፤ ፍርድ ቤት ሒሳብ ቢጠይቅሽም አጎታቸው ቢጠረጥርም መልስሽ እሱ ነው። አጎትየውንም አትራቂው። ወንድሙን ያጣ ሰው ነው፣ ልጁን ሲያይ የሚያየው ወንድሙን ይሆናል። በሽማግሌ ፊት በዓልና የክረምት ዕረፍት ሁለቱም አብረው አጋሮ እንዲሄዱ ተስማሙ።

የሁለት ልጆች አክስት (ጅማ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ፣ እንዳሉኝ ሁለቱንም አነጋገርኳቸው። ጎረቤታችን «የትም እመጣለሁ፣ ሰምቻለሁ እኮ» አለችኝ። መምህርቷ ከእኔ ይልቅ ታስታውሳለች፤ «አትለያዩአቸው» ያለችው ሁለት ጊዜ ነው ብላ ነገረችኝ፣ እኔ አንዱን ብቻ ነበር የሰማሁት። እናቴም ችሎት እቀርባለሁ ብላለች፤ ማክሰኞ አብረን ወደ ነጻ የሕግ ድጋፉ እንሄዳለን።

ለአጎታቸው ደውዬ ቤቱ ያለ ፍርድ ቤት እንደማይሸጥ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እኔም የፈራሁት እሱን ነበር» አለኝ። ለካ እኔ እሸጠዋለሁ ብሎ ነው። ለፋሲካ ሁለቱንም ይዤለት እሄዳለሁ።

የክትባት ካርዱም ትናንት ማታ ተገኘ፤ ከእህቴ የትምህርት ዝግጅት ደብተሮች በአንዱ ውስጥ ነበር። የልጁን ስም እስከ አያቱ በራሷ እጅ ጽፋበታለች። ነገ ጠዋት ሥራ ሳልገባ ወሳኝ ኩነት ቢሮ ይዤው እሄዳለሁ።