ጀጎል ውስጥ ሳስጎበኝ «ምናምን»ን እንዴት ላስቀር?

ፈላና በር
ሰላም ናችሁ። ሐረር ላይ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጀጎል፣ አስጎብኚነት ልጀምር እየተዘጋጀሁ ነው። እንግዳ ፊት ስቆም በየመሃሉ «እእእ»፣ «እንትን»፣ «ምናምን»፣ «ማለት ነው» ይገባብኛል። መረጃው አለኝ፤ ስናገረው ግን የማላውቅ እመስላለሁ። ጽሑፉን ልሸምድደው ወይስ ሌላ መላ አለ?

ከዚራ
አትሸምድድ። የተሸመደደ ንግግር አንድ እንግዳ መሃል ላይ ጥያቄ ሲያስገባ ይበጠሳል፤ ከየት እንደምትቀጥል ስትፈልግ «እእእ» ተመልሶ ይመጣል።

ስለ አንድ በር ብቻ ሁለት ደቂቃ ተናገርና በስልክህ ቅረጽ። ከዚያ ሳታሳምር ቃል በቃል ወረቀት ላይ ገልብጠው። መስማት ብቻ አይበቃም፣ ጆሮ የለመደውን ይዘላል። ትርፍ ቃሎቹን አስምርባቸው፤ መነሻቸው ስለሚለያይ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

«እእእ» የሚመጣው ሐሳቡ ሳይደርስ ድምፁ ሲቀድም ነው። ከንፈርህን ግጠም፣ በአፍንጫህ አየር ሳብ፣ ከዚያ ቀጥል። («እምም» ካልክ አጭበርብረሃል።) ዝምታው ላንተ ይረዝምብሃል እንጂ ሰሚው ልብም አይለው።

«ማለት ነው» ሌላ ጣጣ ነው። በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ስለሆነ»፣ «ሲሆን»፣ «በመሆኑም» እያልክ ስትደራርብ የጀመርከው ይጠፋሃል፤ ያኔ «ማለት ነው» ብለህ ታስረዋለህ። ስለዚህ አሳጥር፤ «ናቸው» ካልክ በኋላ ጭራ አትቀጥል።

«እንትን» እና «ምናምን» ግን የዝግጅት ጉድለት ናቸው። ስሙ ወይም ቁጥሩ አፍህ ላይ አልደረሰም።

ሸዋ በር
ለዚያኛው ካርድ ያዝ። ለእያንዳንዱ መቆሚያ አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ምክንያት ጻፍ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከጻፍክ ግን ማንበብ ትጀምራለህ።

እንዲህ የሚል አስጎብኚ አይጠፋም፦ «ግንቡን ኤሚር ኑር ምናምን ናቸው ያሠሩት፣ በጣም የቆየ ነገር ነው፣ መስጊድም ብዙ አለ።»

በካርዱ ሲሆን፦ «ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ኤሚር ኑር ናቸው፤ ከተማዋን ከጥቃት ለመከላከል። የቀደሙት በሮች አምስት ናቸው። ጀጎል 82 መስጊዶች አሉት። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ1998 ነው፤ በፈረንጆቹ 2006።»

«ብዙ» እና «በጣም የቆየ»ም አብረው እንደወጡ ልብ በል። ዝርዝር ሲሆን ደግሞ «ቡና፣ ጫት ምናምን» ከማለት ሦስተኛውን ጥራና አቁም፦ «ቡና፣ ጫትና ኦቾሎኒ»። የበሮቹን ስም ሁለቱንም ጻፍ። ያንተው ፈላና በር በሐረሪኛ አሱም በሪ ነው፤ «እንትን በር» የሚባለው አንዱ ስም ሲጠፋ ነው።

«አይደል?»ንም ተጠንቀቅ። «16ኛው ክፍለ ዘመን ነው አይደል?» ካልክ እንግዳው እሱን የጠየቅከው ይመስለዋል። በእርግጥ የማታውቀውን «አረጋግጬ እነግራችኋለሁ» በል፤ «ይመስለኛል»ን ቁጥር ላይ አትለጥፍ።

ለገሀሬ
አቦ፣ ሁሉንም ባንድ ቀን ንቀል አትበሉት! እንደዚያ የሚሞክር ሰው ቃሉን ሲጠብቅ ሐሳቡን ይስታል፣ ንግግሩም እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ይደርቃል። በሳምንት አንድ ቃል ያዝ፣ ከሁሉ የሚደጋገመውን። ጓደኛህ ከፊትህ ይቁምና ቃሏ ስትወጣ እጁን ያንሳ፤ አያቋርጥህ፣ አይሳቅ።

ደግሞ ሁሉም ትርፍ አይደለም። «እንግዲህ» ወደ አዲስ ርዕስ ስትሻገር ሥራ አለው። «አቦ»ም ከድሬና ከሐረር ሰው አፍ ሲወጣ ወዳጅነት ነው፤ እንግዳው ይወድልሃል። በየዓረፍተ ነገሩ ከገባ ግን እሱም «ምናምን» ሆነ።

ፈላና በር
አቦ ይመቻችሁ! አንድ ልጨምር፦ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የስፌት መኪናው ድምፅ ሲበዛ ቶሎ ቶሎ እናገራለሁ፣ ያኔ ይብሳል።

ከዚራ
እየሄድክ አታስረዳ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሰልፍ ይሠራሉ፣ ከኋላ ያለው አይሰማም፤ አንተም በትከሻህ ዞረህ ስትጮህ ትንፋሽ ያጥርሃል። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሳላችሁ ሰብስባቸውና ስለ ልብስ ሰፊዎቹ እዚያው ተናግረህ ጨርስ። ባጃጅ ካለፈ ዝም ብለህ አሳልፈው፣ ድምፁን ልብለጥ አትበል። መኪና ግርግር ውስጥ «በስተግራ ተመልከቱ» ይበቃል።