ጭራው ሰማያዊ የሆነ እንሽላሊት ጅማ ምን ይሠራል?

የጅረን ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጅረን፣ እናቴ ግቢ፣ የጀንፈል ማስጫው አልጋ ሥር አንድ እንሽላሊት ይመላለሳል። ቅባት የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል፣ ጭራው ደማቅ ሰማያዊ ነው። ትናንት ጎረቤታችን «ይሄ ከነከሰ መድኃኒት የለውም» ብለው በመጥረጊያ አሳደዱት። እሱ አመለጠ፤ ጭራው ግን መሬት ላይ ብቻውን ሲንፈራገጥ ቀረ። የሰባት ዓመት ልጄ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ማታ ስልክ ላይ ስንፈልግ ቁርጥ እሱን የመሰለ አገኘን፦ የክሪስማስ ደሴት ስኪንክ የሚባል እንሽላሊት፣ ከዱር የጠፋ። እኛ ጋ ተርፎ ይሆን እንዴ? መርዝስ አለው?

አወቱ ማዶ፦
መርዝ የለውም። ነፍሳት ለቃሚ ነው፣ ተዉት ይኑር።

ባዮሎጂ አስተማሪው፦
እህቴ፣ ያንቺው ሌላ ነው። ትራኪሌፒስ በሚባለው የአፍሪካ እንሽላሊቶች ወገን ውስጥ ግልገሎቻቸው ሰማያዊ ጭራ ያላቸው አሉ፤ ፎቶ ሳላይ ግን ዝርያውን አልቆርጥም። ስልክሽ ያሳየሽ ከኢንዶኔዥያዋ ጃቫ በስተ ደቡብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቅ አንዲት የአውስትራሊያ ደሴት ብቻ የነበረ ነው («ክሪስማስ» የፈረንጆቹ ገና ነው፣ የኛ ታኅሣሥ 29 አይደለም)።

ሰማያዊው ጭራ ማታለያ ነው። ወፍ ጭራውን ስትይዝ ጥሎላት ይሮጣል፤ ልጅሽ ያየው ይህንኑ ነው። ደሴቷ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከእስያ፣ ምናልባትም በመርከብ ጭነት ተደብቆ፣ ተኩላ እባብ የሚሉት ገባ። እሱ የሚያድነው ማታ ነው። ለተኛ እንሽላሊት የጭራ ቀለም ምን ይረባዋል? የደሴቷ ብሔራዊ ፓርክ ሠራተኞች በ2009 እና በ2010 ስልሳ ስድስት ያህል ይዘው ማርባት ባይጀምሩ ኖሮ ዛሬ አንድም ባልኖረ፤ ከ2010 በኋላ ዱር ውስጥ አልታየም። የተያዙት ከሺህ በላይ ሆኑ፤ በ2019ም 300ውን እባቡ ወደሌለባት ፑሉ ብላን፣ ኮኮስ ደሴቶች፣ ወስደው ለቀቋቸው።

የጅረን ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር! ልጄ «ጭራው ይመለሳል ወይ» ይላል።

ባዮሎጂ አስተማሪው፦
ይበቅላል፣ እንደ ፊተኛው ግን አያምርም።

የጅረን ልጅ፦
ቡና ላይ ለጎረቤታችን ሁሉንም ነገርኳቸው። «አካሉን ጥሎ የሚሮጥማ ይብስ ያስፈራል» አሉኝ።