ተለማማጅ ነኝ፤ ከኬብልና ከፕሪንተር ወደ ሰርቨር እንዴት ልሻገር?

ሰላም ለሁላችሁም። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ከክላስ ውጪ በአንድ ድርጅት የአይቲ ክፍል እለማመዳለሁ። የሚሰጠኝ ሥራ ኬብል መግጠም፣ ፕሪንተር ማስተካከልና ዊንዶውስ መጫን ነው። የሰርቨሩን ፓስዎርድ ለተለማማጅ አይሰጡም፤ አልፈርድባቸውም፣ አንድ የተሳሳተ ትዕዛዝ ቢሮውን ሁሉ ሊያቆም ይችላል።

ስለዚህ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ምናባዊ ኮምፒውተሮችን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ዊንዶውስ ሰርቨርና አንድ የዊንዶውስ 10 ክላየንት (የሰርቨሩን አገልግሎት የሚጠቀም ኮምፒውተር) አስነስቻለሁ። ሰርቨሩ ላይ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የተጠቃሚዎችንና የኮምፒውተሮችን አካውንት በአንድ ቦታ የሚያስተዳድር አገልግሎት) ተጭኗል። ሁለቱም ኢንተርናል ኔትወርክ (በምናባዊ ኮምፒውተሮቹ መካከል ብቻ ያለ ኔትወርክ) ላይ ናቸው፣ በአይፒ አድራሻ ፒንግ ሳደርግ ይደራረሳሉ፤ ክላየንቱን ዶሜይን (በአክቲቭ ዳይሬክተሪ አብረው የሚተዳደሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ) ውስጥ ላስገባ ስል ግን ዶሜይን ኮንትሮለሩን፣ ማለትም ዶሜይኑን የሚያስተዳድረውን ሰርቨር፣ ማግኘት አልቻልኩም ይላል። ክላየንቱ ለኢንተርኔት ሁለተኛ የናት አዳፕተር (በላፕቶፑ ግንኙነት በኩል ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣ የኔትወርክ ካርድ) አለው፤ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) የሚጠይቀው በዚያ በኩል ይመስለኛል። ናቱን አጥፍቼ የክላየንቱን ዲኤንኤስ ወደ ሰርቨሩ አይፒ ብቻ ላድርገው? ኢንተርኔቱንስ በሰርቨሩ በኩል በናት ባሳልፈው ይሻላል?

ሌላው፣ ይህን የቤት ልምምድ ሲቪ ላይ ከሥራ ልምድ ሥር ልጻፈው ወይስ ፕሮጀክት ብዬ ለብቻው? ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። አለቃዬንስ ባክአፕ ሲወስዱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ልይ ብላቸው ነውር ይሆንብኛል?